አሮጌው ጉቶ ይዋሻል፦ በቲዬራ ዴል ፉዌጎ በጸደይ ቢቨር ሲጠመድ ምልክቱ እንዴት ይነበባል?

በደቡብ አሜሪካ ደቡባዊ ጫፍ ላይ ባለችው በቲዬራ ዴል ፉዌጎ ደሴት፣ ከአርጀንቲናዋ ኡሽዋያ ከተማ በ3 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ምሥራቅ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወጡ የኤስሜራልዳ ጅረትና የላሲፋሻህ ወንዝ ሸለቆ ይገኛል። በእግር የሚጓዙ ቱሪስቶች የሚያዘወትሩት ቦታ ነው። ግራና ቀኙ ቆሞ በደረቀ፣ አመድ በመሰለ ዛፍ የተሞላ ሲሆን በየጥሻው ቢቨር የተባለው ወንዝ የሚገድብ እንስሳ እንደ እርሳስ የቀረጸው ጉቶ ይታያል። አዲስ መጪ ይህን አይቶ “እዚህማ ቢቨር እንደ አሸዋ ነው!” ይላል። እሱ በቆመበት ኩሬ ግን ምናልባት አንድም ላይኖር ይችላል።

የዚህ ጥናት ጉዳይ በዚሁ ሸለቆ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2016 እስከ ጃንዋሪ 2017 የተካሄደው የሙከራ ዘመቻ ነው። አሥር ያህል አጥማጆች ወደ 200 የሚጠጉ ቢቨሮችን ከአንድ ተፋሰስ አስወገዱ። ሰዎቹ በሥራው ሰነድ የተጠሩት “አጥማጅ” ተብለው ሳይሆን “መልሶ ጠጋኝ” በሚል ስም ነው፤ ግቡ ቆዳ ሳይሆን ወንዙን ወደ ነበረበት መመለስ ስለነበር። የስሙ ለውጥ ቀላል ይመስላል፤ የምልክት ንባቡን ግን ከሥሩ ይገለብጠዋል። ለቆዳ የሚያጠምድ ሰው የሚፈልገው ቢቨር ያለበትን ቦታ ነው። ለማጥፋት የሚያጠምደው ደግሞ ቢቨር የሌለበትን ቦታ በእርግጠኝነት መለየት አለበት፤ ይህ እጅግ ይከብዳል።

እንስሳው እዚያ ምን ያደርጋል?

ቢቨር የዚያ አገር እንስሳ አይደለም። የአርጀንቲና መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1946 ለፀጉር ንግድ ይጠቅማል ብሎ 20 ቢቨሮችን ከካናዳ አስመጥቶ በፋኛኖ ሐይቅ አካባቢ ለቀቀ። ተኩላም ድብም በሌለበት ምድር ማን ያስቆመው? በ1960ዎቹ የቺሊን ናቫሪኖ ደሴት ያዘ፤ በ1990ዎቹ የማጄላንን ሰርጥ ዋኝቶ ከዋናው አህጉር ደረሰ። ዛሬ ቁጥሩ እስከ 100 ሺህ ይገመታል። በመሃል ለእያንዳንዱ ጭራ ገንዘብ የመክፈል ዘዴ ተሞክሮ ነበር። አዳኙ ለመንገድ ቅርብ የሆነውን ብቻ ይወስዳል፤ የቀረውን ደግሞ ለከርሞ ይተዋል፤ እንዲያልቅበት የሚፈልግ የለማ። እ.ኤ.አ. በ2008 አርጀንቲናና ቺሊ እንስሳውን ጨርሶ ለማጥፋት ስምምነት ፈረሙ፤ የኤስሜራልዳ–ላሲፋሻህ ሥራ የዚያ ሐሳብ አንዱ መፈተኛ ሆነ።

ጃርት የሚያውቅ አንባቢ ለቢቨር ሩቅ አይደለም። ሁለቱም ከአይጥ ወገን ናቸው፣ ሁለቱም እንጨት ይቆረጥማሉ። ቢቨር ግን ከ16 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል፣ የኋላ እግሩ እንደ ዳክዬ በቆዳ የተያያዘ ነው፣ ጭራው ሰፊና ቅርፊታም ነው። ወንዝ ይገድባል፣ ኩሬ ይሠራል፣ በኩሬው መሃል ከእንጨትና ከጭቃ ጎጆ ያቆማል፤ ወይም ገደሉን ከውሃ በታች ሰርስሮ ይገባል። አንድ ቤተሰብ ማለት ወንድና ሴት ጥንድ፣ ያለፈው ዓመት ልጆች፣ የዘንድሮ ግልገሎች ናቸው፤ ባብዛኛው ከአራት እስከ ስምንት ነፍስ።

ለምን በጸደይ?

በዚያ ንፍቀ ክበብ ጸደይ የሚገባው እኛ ዘንድ አደይ አበባ በሚፈካበት ጊዜ ነው። በረዶው ስለሚቀልጥ መንገድ ይከፈታል፣ የኩሬው ገጽ ነፃ ይሆናል። ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው፤ በዚህ ወቅት እንስሳው ራሱ ይናገራል። ሁለት ዓመት የሞላቸው ወጣቶች አዲስ ግልገል ሊወለድ ሲል ከቤት ወጥተው በወንዙ ወደ ላይም ወደ ታችም ይንከራተታሉ። የቦታው ባለቤቶች ደግሞ “ይህ ተይዟል” ለማለት ውሃ ዳር የጭቃ ቁልል ይሠሩና ካስቶሪየም የተባለውን ጠረናቸውን ይቀቡበታል። የጥርኝን ዝባድ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ጥርኝ ድንጋይና ግንድ ላይ እንደምትቀባው ሁሉ ቢቨር ጭቃ ላይ ይቀባል። ቁልሉ አንዳንዴ አንድ እፍኝ ብቻ ነው፤ አንዳንዴ ጉልበት ይደርሳል። ትኩስ ከሆነ ጎንበስ ሳይሉም ይሸታል።

ጸደይ ግን ጉዳትም አለው፤ ሁሉም ነገር ይንቀሳቀሳል። ዛሬ ባዶ ያሉት ኩሬ ነገ መንገደኛ ወጣት ሊያድርበት ይችላል። ውሃውም በየሰዓቱ ይለዋወጣል። ሁለቱንም ከታች እንመለስባቸዋለን።

የምልክቱ ዕድሜ

በሰሜን አሜሪካ የተማረ አጥማጅ እዚህ መጀመሪያ የሚሳሳተው ጉቶ ሲያነብ ነው። እዚያ ቢቨር የሚቆርጠው አኻያና የመሳሰለው እንደገና ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ የቡቃያውን ቁመት አይቶ መቼ እንደተቆረጠ መገመት ይቻላል። ሌንጋ የተባለው የፉዌጎ ዛፍ ግን ተቆርጦ ውሃ ሲተኛበት ይሞታል፣ ብዙም አያቆጠቁጥም። ብርዱ ደግሞ እንጨቱን ቶሎ አያበሰብሰውም። በመሆኑም የ20 ዓመት ጉቶና የ3 ዓመት ጉቶ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። የሚያምኑት ጥርስ ያረፈበትን ገጽ ቀለም ነው። የዚህ ሳምንት ቁርጥ ነጣ ያለ ወይም ሐምራዊ ቅላት ያለው፣ እርጥብ፣ ጣት ሲነካው የሚያጣብቅ ነው። ሳምንታት ካለፉት ወደ ቡና ቀለም ይሄዳል። ክረምት ካሳለፈ ግራጫ ሆኖ በቀጭኑ ይሰነጠቃል። ከጉቶው ሥር ያለው ስንጥርም እንዲሁ ነው፦ ትኩሱ ሣሩ ላይ ተንሳፍፎ ይገኛል፤ አሮጌው ሣር በቅሎበታል ወይም ደለል ውጦታል።

ከቁርጡ ይልቅ ግን የተላጠ ቀንበጥ ይታመናል። ቢቨር ቅርፊቱን በልቶ እንጨቱን ይጥላል፤ የተጣለው ልክ እንደ ታኘከ መፋቂያ ነጭ ሆኖ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል ወይም በመብያው ቦታ ይከማቻል። ንፋስ በኩሬው አንድ ጥግ ሰብስቦት ከሆነ ቦታው የተበላበት ሳይሆን የተገፋበት ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ወጥመዱን በከንቱ ይተክላል። የሚበላበትን ቦታ የሚያሳየው ከውሃው በታች ጭቃው ላይ ያረፉት ዱላዎችና አጠገባቸው ያለው የተረገጠ ዳር ነው።

የጥርሱ ስፋትም ይለካል። ቢቨር እንጨቱን የሚቀርጸው እንደ መሮ ነው፤ እያንዳንዱ ጥርስ ቦይ ትቶ ይሄዳል። በአንድ ኩሬ ዙሪያ ከሰበሰቧቸው ቀንበጦች ላይ ሰፊና ጠባብ የጥርስ ቦይ አብሮ ከተገኘ አዋቂና ልጅ አብረው አሉ፣ ማለትም ቤተሰብ ነው። ጠባቡ ብቻ ከተገኘ፣ ግድቡም ካልተጠገነ፣ ብቸኛ ወጣት መንገደኛ ነው የሚል ግምት ይወሰዳል። ትንሽ ማስመሪያ ኪስ ውስጥ መያዝ በቂ ነው።

ዱካ ብዙ አይጠቅምም። የኋላ እግሩ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ግልጽ ምልክት ቢተውም ጭራው ከኋላ እየጎተተ ያጠፋዋል። በለስላሳ ጭቃ ላይ የሚቀረው ባብዛኛው የተጠረገ መንሸራተቻ ነው። ፋንድያውም ውሃ ውስጥ ስለሚጥል አልፎ አልፎ ብቻ፣ እንደ ተጨመቀ የመጋዝ ዱቄት ሆኖ፣ ይገኛል።

ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ከውሃ በታች ያለው ነው። የሚያዘወትረው መተላለፊያ በደለል አይሸፈንም፤ ወለሉ ጠርቶ፣ ቅጠሉ ወደ ጎንና ጎን ተገፍቶ፣ እንደ ተጠረገ ቦይ ይታያል። የጎጆው ወይም የገደል ጉድጓዱ በር ፊት ለፊት ውሃው ጠዋት ላይ ደፍርሶ ከተገኘ ሌሊቱን ተገብቷል። በግድቡ ጫፍ ላይ ከነሥሩ የተነቀለ ሣርና ገና ያልደረቀ ጭቃ ካለ አዋቂ እየሠራ ነው።

ዛፍ የሌለበት ኩሬ

በሸለቆው ወለል ሰፊ ረግረግ አለ፦ ለሺህ ዓመታት ሳይበሰብስ የተከማቸ እፅዋት፣ ሲረግጡት እንደ ስፖንጅ የሚሰምጥ። ዛፍ የለውም፤ ስለዚህ ቁርጥም ስንጥርም የለም። ለጫካ የለመደ ዓይን ይህን ባዶ ብሎ ያልፈዋል። ቢቨሩ ግን እዚያም ይኖራል፤ ሣርና ቁጥቋጦ ይበላል፣ በረግረጉ ውስጥ ጠባብ ቦዮች ይቆፍራል፣ ግድቡን በእንጨት ፋንታ በረግረጉ አፈር ይሠራል። እንዲህ ባለው ቦታ የሚታየው ምልክት ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ከተፈጥሮ ጅረት ይልቅ ቀጥ ያለ ቦይ፣ ዳሩ ላይ የተረገጠ ሣር፣ ውሃው ሳይታሰብ ከፍ ብሎ የቆመበት ቦታ። ከኮረብታ ላይ ሆኖ በመነጽር መቃኘት ውስጥ ገብቶ ከመዳከር ይሻላል።

ወጥመዱና አቀማመጡ

ዋናው መሣሪያ አካል የሚጨብጥ ወጥመድ ነበር፤ በአጥማጆች ዘንድ 330 በሚለው ቁጥር የሚታወቀው፣ አፉ 25 በ25 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ሁለት ስፕሪንግ ያለው ካሬ ሽቦ። አሽክላም ጠመንጃም ተጨምሯል። 330 ኃይለኛ ነው። በባዶ እጅ አይከፈትም፤ ለዚሁ የተሠራ ረጅም ጉጠት ያስፈልጋል፣ የደኅንነት መንጠቆው የሚነሳውም ወጥመዱ ቦታው ላይ ከተተከለ በኋላ ብቻ ነው። እጅ ከያዘ ብቻውን ያለ ሰው ሊላቀቅ የሚችለው በአንድ እጁ ስፕሪንጉን በገመድ ማሰር ከተለማመደ ነው። ስለዚህ ገመዱ ሁልጊዜ ኪስ ውስጥ አለ።

አቀማመጡ እንዲህ ነው። ከ40 ሴንቲ ሜትር ያልሰፋ የተጠረገ ቦይ ይመረጣል። ወጥመዱ ወለሉን ነክቶ ይቆማል፤ ከሥሩ ክፍተት ካለ ቢቨሩ በዚያ ያልፋል። ግራና ቀኙ በሁለት ሦስት የደረቁ ካስማዎች ይታጠራል። እርጥብ እንጨት ከተተከለ ቢቨሩ ካስማውን ራሱን ይበላና አጥሩን ያፈርሰዋል። ከወጥመዱ በላይ፣ ውሃው ገጽ ላይ፣ አንድ ወፈር ያለ ዱላ ይጋደማል። እንስሳው ዱላውን ሲያይ ከሥሩ ይጠልቃል፤ ሲጠልቅ ጭንቅላቱ ቀጥታ ወደ ካሬው መሃል ይገባል። ዱላው ከሌለ በገጹ ላይ እየዋኘ ወጥመዱን በደረቱ ይገፋዋል። ወጥመዱ በወፍራም ሽቦ ከጠንካራ ካስማ ጋር ይታሰራል፣ በየ24 ሰዓቱም ይጎበኛል።

የማስፈንጠሪያው ሽቦ ጉዳይ ለብቻው መነሳት አለበት። መሃል ላይ ተጣምሮ ከተንጠለጠለ የሚያልፍ ሁሉ ይነካዋል። በደቡብ ፉዌጎ ውሃዎች ለመጥፋት የተቃረበ ኡዪን የሚባል ኦተር አለ፤ ዓሣና የውሃ ሸርጣን የሚያድን ቀጭን እንስሳ ነው። ሽቦው ወደ አንድ ጎን ከተገፋ ቀጭኑ ኦተር በነፃ የማለፍ ዕድል ያገኛል፤ ሰፊው ቢቨር ግን በትከሻው ይነካዋል። ጥቂት ቢቨር ያመልጥ ይሆናል፤ ቢሆንም ኡዪን ሊኖርበት በሚችል ወንዝ ላይ ከዚህ ውጭ መትከል ተገቢ አይደለም።

ግድቡን በጥቂቱ ማፍረስ ቢቨሩን ለጥገና ይጠራዋል። እዚህ ላይ ስግብግብነት ያጠፋል። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋትና ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቅዳጅ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ የጸደዩ ጎርፍ ቅዳጁን ጠርምሶ ኩሬውን ባንድ ሌሊት ያፈስሰዋል፤ ቤተሰቡም ወጥመድ ወደሌለበት ይሰደዳል። ወጥመዱም ቅዳጁ ውስጥ አይቀመጥም፤ ውሃው የሚያመጣው ግንድና ሣር ያስፈነጥረዋል። አንድ ሜትር ያህል ወደ ኩሬው ገባ ብሎ፣ እንስሳው ከሚመጣበት አቅጣጫ ይተከላል።

የተሳሳተው ጥልቀት

በዚህ ወቅት ከሚደጋገሙ ብክነቶች አንዱ ወጥመዱ ምንም ሳይነካ፣ ሳይፈነጠር፣ ባዶ ሆኖ መገኘቱ ሲሆን መነሻው ብዙ ጊዜ የውሃው ሰዓት ነው። በረዶው የሚቀልጠው ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲበረታ ነው፤ የቀለጠው ውሃ ሸለቆው ሲደርስ መሽቷል። አጥማጁ ወጥመዱን በጠዋት፣ ውሃው ዝቅ ባለበት፣ በትክክለኛው ጥልቀት ያስቀምጣል። ቢቨሩ በሚወጣበት ምሽት ግን ዱላውም ወጥመዱም በውሃ ተውጠዋል፣ እንስሳው በላያቸው ዋኝቶ ይሄዳል። ጠዋት ሲመለሱ ውሃው ወርዶ ሁሉም እንደነበረ ነው፤ “አልመጣም” ተብሎ ይጻፋል። መጥቷል።

መፍትሔው ቦታን መምረጥ ነው። ከግድብ በላይ ባለ ኩሬ ትርፉ ውሃ በግድቡ ጫፍ ስለሚፈስ ከፍታው ብዙ አይለወጥም፤ ከግድብ በታች ባለው ጅረት ግን በእጅጉ ይወጣል ይወርዳል። በጅረቱ ላይ መትከል ግድ ከሆነ ካስማው ላይ በቢላዋ ምልክት አድርጎ የማታውንና የጠዋቱን ልዩነት መለካት፣ ዱላውንም ለማታው ከፍታ ማስተካከል ያስፈልጋል።

የቀኑ ርዝመትም ያታልላል። በዲሴምበር መጨረሻ ኡሽዋያ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሳይሞላ ትወጣለች። በአጭሩ ሌሊት ምግቡን የማይጨርሰው ቢቨር ገና ብርሃን ሳለ ይወጣል። ይህ ለቆጠራ መልካም ነው፦ ነፋሱ ከጎጆው ወደ ሰው በሚነፍስበት በኩል ተቀምጦ ሁለት ሦስት ምሽት መጠበቅ ስንት ነፍስ እንዳለ ያሳያል። አንዴ ጭራውን በውሃው ላይ ካጮኸ ግን የዚያ ምሽት ቆጠራ አብቅቷል።

የተያዘውም ምልክት ነው

ብዙ ቡድን የሚሰንፈው እዚህ ነው። ቁጥር ተመዝግቦ ሬሳው ይጣላል። ሬሳው ግን ከቤተሰቡ ስለቀረው ነፍስ ይመሰክራል። ቢቨር ከውጭ ሲታይ ወንድና ሴቱ አይለይም፤ የሚለየው ከፊንጢጣው አጠገብ ባለው የቅባት ዕጢ ነው። በዚህ በሰሜን አሜሪካው ዝርያ የወንዱ ቅባት ቡናማና ወፍራም፣ የሴቷ ነጣ ያለና ቀጭን ነው። ሴቷ ደረቷ ላይ አራት ጡቶች አሏት፤ አብጠው ወተት ከወጣቸው ጎጆው ውስጥ ግልገል አለ። ያኔ ጆሮን በጎጆው ላይ አድርጎ ማዳመጥ ይገባል፤ ግልገሎች እንደ ድመት ልጅ ይጮኻሉ። ጎጆውን ከፍቶ ማውጣትና በሚገባው ፈጣን መንገድ መጨረስ የሥራው አስቀያሚ ክፍል ነው፤ በረሃብ እንዲሞቱ ከመተው ግን ይሻላል። ሥራውን በጸደዩ መጀመሪያ፣ ከወሊድ በፊት፣ ማፋጠን የሚመከርበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

እንዲህ ያለ መዝገብ ሲያዝ “ከዚህ ኩሬ አራት ተያዙ” ከሚለው ይልቅ “የምታጠባ ሴት፣ አዋቂ ወንድ፣ አንድ የዓመት ልጅ ተያዙ፤ በቀንበጡ ላይ የታየው ሁለተኛ ጠባብ ጥርስ ግን አልተያዘም” የሚል ይሆናል። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው ለነገ ሥራ የሚሰጠው።

የመጨረሻዎቹ

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምርኮ ይበዛል፤ ከዚያ ይነጥፋል። የነጠፈበት ምክንያት ሁለት ሊሆን ይችላል፦ አልቀዋል፣ ወይም የቀሩት ተምረዋል። ከወጥመድ አንዴ ያመለጠ፣ ወይም ሲፈነጠር በአጠገቡ የነበረ ቢቨር ዱላ የተጋደመበትን ቦይ ይሸሻል፤ ግድብ አቋርጦ በየብስ ይዞራል፣ አንዳንዱም ወጥመዱን በጭቃ ይቀብረዋል። ለእንዲህ ያለው ያንኑ ወጥመድ ደጋግሞ ማስቀመጥ ከንቱ ነው። በየብስ መዞሪያው ላይ አሽክላ፣ ወይም በምሽቱ ብርሃን ጠመንጃ ይሻላል። ብቻውን የቀረ እንስሳ ደግሞ ብዙ ጊዜ ግድብ መጠገን ይተዋል፣ ጎጆውን ትቶ ገደል ውስጥ ያድራል። ማለትም ለወራት የታመንባቸው ምልክቶች በሙሉ ይጠፋሉ፣ እንስሳው ግን አለ።

ለዚህ የሚረዳው ምልክትን ከመጠበቅ ይልቅ ጥያቄ ማቅረብ ነው። ከተያዘ ቢቨር የተወሰደ ካስቶሪየም ጥቂት በሰው ሠራሽ የጭቃ ቁልል ላይ ይቀባል፣ የምስል ወጥመድ ካሜራ ይገጠምበታል። በጸደይ አካባቢው ውስጥ ያለ ቢቨር የባዕድ ጠረን ሲሸተው ዝም ብሎ ማለፍ ይከብደዋል፤ መጥቶ ጭቃ ይጨምርበታል ወይም ያፈርሰዋል። ግድቡ ላይ የሚደረገው ትንሽ ቅዳጅም ጥያቄ ነው፣ መልሱ ግን ባንድ በኩል ብቻ ይታመናል፦ ከተጠገነ ቢቨር አለ፤ ካልተጠገነ ግን ምንም አልተረጋገጠም።

በኤስሜራልዳ–ላሲፋሻህ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ትኩስ ምልክት እንደገና ታየ። ያመለጡ ነዋሪዎች ናቸው ወይስ ከጎረቤት ተፋሰስ የገቡ ወጣቶች? ሁለቱ የሚጠይቁት ሥራ የተለያየ ነው። ያመለጠ ከሆነ ጥፋቱ የአጠማመዱ ነው፣ ዘዴ ይቀየራል። መንገደኛ ከሆነ አጠማመዱ ደህና ነው፣ ክፍተቱ በድንበሩ ላይ ነው፤ ስለዚህ በተፋሰሱ መግቢያዎች ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚጎበኝ ወጥመድ ያስፈልጋል። የጥርሱ ስፋትና ብቸኝነቱ ፍንጭ ይሰጣል እንጂ አይፈርድም፤ ወጣት ነዋሪም ሊያመልጥ ይችላል። የሚያስተማምነው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከተያዘው እንስሳ ሁሉ የጆሮ ወይም የጡንቻ ቁራጭ በአልኮል ማስቀመጥ ነው። ያኔ በኋላ የተያዘው እንስሳ የዘር ምርመራ ከቀደሙት ቤተሰቦች ጋር ይነጻጸራል። ቁራጩ የጥፍር ያህል ይበቃል፤ ጠርሙሱ ላይ የኩሬው ቁጥር፣ ቀኑና ጾታው በእርሳስ ይጻፋል። በእስክሪብቶ ከተጻፈ አልኮሉ ያጥበዋል።